ተከራያችን ሻምበል

አዘዞ ላይ ከአውቶቡስ ወረደ፤ አንድ ሣጥን፣ አንድ ጃንጥላ፣
ነጭ ጥምጥም፣ ደረቱ ላይ የተዘረጋ የጢም ጥላ።
ቄስ መስሏቸው አሮጊቶች ሊሳለሙ ተጠጉት፤
እሱ ሰላምታ መስሎት ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ፣
"ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ቄስ ነው?" እያሉ እስከ ማታ አወጉት።

ሱርጃን ሲንግ፣ የሒሳብ መምህር፣ ጡረታ የወጣ ሻምበል።
ከቀሃ ወዲህም ወዲያም ስንት ደህና ቤት ሲከራይ
መረጠ የእኛን፣ ጣራው የሚያፈስሰውን።
እናቴ አሥር ብር ብትለው አሥራ አምስት ከፈለ፤
"ተሳስተሃል" አለችው።
"አልተሳሳትኩም" አለ።

አልጋው እንደ ሰፈር ድንኳን የተወጠረ፣ ጫማው መስተዋት።
ሣር ግን አይረግጥም።
ለመስቀል አደይ በሞላው ሜዳ እኛ ስንፈነጭ
እሱ ከአስፋልቱ ጠርዝ ቆሞ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣
እርምጃችንን ይቆጥር ነበር።

ቀን ቀን ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ኤክስን ያድናል፣
ማታ ማታ ፋኖሱን ዝቅ አድርጎ ይጽፋል።
በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ አየሁ፦
የእኛ ፊደል በእግሩ ይቆማል፣ አንዳንዱ አንካሳ፣ አንዳንዱ የተንበረከከ፤
የእሱ ግን ከላይ ከተሰመረ ገመድ ላይ ይንጠለጠላል
እንደ ታጠበ ልብስ።

"ምንድን ነው?"
"ልብ ወለድ፤ በፑንጃቢ።"
"ስለ ምን?"
"መሬትን በሳንጃ ጫፍ ስለሚዳብስ ሰው።"
"እዚህ ማን ያነበዋል?"
ሳቀ። "ማንም። ለዚህ ነው እዚህ የምጽፈው።"

በሠላሳ አራት ኅዳር ቁልቋል በር ላይ ፈንጂ ለቃሚ ነበር፣
ያኔ ሃምሳ አለቃ። ከዚህ በላይ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁ።
አንድ ማታ ብቻ ደብተር ዘርግቶ
"የአባትህን ስም ጻፍልኝ" አለኝ፤ ለትምህርት ቤት መዝገብ መስሎኝ
ምላሴን ነክሼ፣ እርሳሱን ጨብጬ ጻፍኩለት።

አባቴን አላውቀውም። መንገድ መሪ ነበር ይላሉ፤
በዚያው ኅዳር ወጣ፤ እኔ ገና ሆድ ውስጥ ነበርኩ።
ሲወድቅ ያየ፣ አጥንቱን ያመጣ የለም።
ተዝካሩ ላይ ነፍጡን ብቻ አስቀምጠው አለቀሱ።

ወር በገባ ቁጥር ፒያሳ፣ ጣሊያን ከሠራው ፖስታ ቤት
አንድ ምዕራፍ ይልካል፣ ጃላንዳር ላለ ወንድሙ።
ተሸካሚው እኔ። ሚዛኑን ከጸሐፊው እኩል አነባለሁ፦
ሁለት መቶ ግራም፣ ሁለት መቶ አሥር፣ ሁለት መቶ፤
አንዴ ብቻ አራት መቶ።
የዚያን ሰሞን ራቱ እንደቀረበ ይመለስ ነበር፤
እናቴ ለማን እንደሆነ ሳትናገር ሻማ ለሥላሴ ላከች።

በአምስት ዓመቱ ውሉ አለቀና ሄደ። ጃንጥላውን ተወልን።

ሁለት ክረምት አልፎ መጽሐፉ መጣ፦ አረንጓዴ ልባስ፣ የሚሻክር ወረቀት፣
ሦስት መቶ ስድስት ገጽ የተሰጣ ልብስ።
ፊተኛው ገጽ ላይ ግን አንድ መስመር፣
ከተንጠለጠሉት መሃል፣ በእግሩ ሳይሆን በራሱ ቆሟል፤
አታሚው ላዩንና ታቹን ከየት ያውቃል!
መጽሐፉን ገለበጥኩት፦
*ይርዳው*።
የአባቴ ስም። ያ ጠማማ "ይ"፣ ያ ያበጠ "ው"፣
የእኔው የእጅ ጽሑፍ፣ በእርሳስ ተቀርጾ ከህንድ አገር ተመለሰ።

ለእናቴ አነበብኩላት። አላለቀሰችም።
ሣጥኗን ከፍታ አንድ የተቋጠረ ጨርቅ አጠገብ አኖረችው።
ስታርፍ ነው ቋጠሮውን የፈታሁት፦
ሦስት መቶ ብር፣ በአምስት በአምስት የታጠፈ፣
አንዱም አልተነካ።

ፑንጃቢ የሚያነብልኝ እስካሁን አላገኘሁም፤
አልፈለግሁም ብል ይሻላል።
ሐምሌ ሲያካፋ አወጣና
ገጾቹን በሁለት ጣቴ መሃል እመዝናለሁ፤
ያ አራት መቶ ግራም የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ
እጄ ያውቀዋል።